በመንገዳችን ላይ ያስደፋሁት ጨው

ይህን የምጽፈው ስሜን ለማንጻት አይደለም። ስሜ በሰፈሬ ንጹሕ ነው፤ የሚያስቸግረኝም እሱ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ጥፋቱን አቶ ሐዱሽ ላይ ጭኖ እኔን “ምስኪን አደይ የሺ” እያለ ያልፋል። እኔ ያልሠራሁትን ሲጭኑብኝ ዝም የምል ሴት አይደለሁም፤ የሠራሁትን ሲያወርዱልኝም ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ከነበረው ሳልጨምርና ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ፤ ፍርዱን እናንተው ስጡ።

የተወለድኩት ወሎ ነው። መቐለ የገባሁት ባለቤቴን ተሰማን ተከትዬ ነው፤ እሱ ከአፋር በረሃ ጨው እየጫነ ወደ መቐለ የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። በአማርኛ የምጽፈው ፊደል የቆጠርኩበት ቋንቋ ስለሆነ ነው፤ ክርክር ሲሆን ግን በትግርኛ ነው የማሸንፈው። ተሰማ ከሞተ ቆይቷል። ልጆቼም ወልደው በየፊናቸው ሄደዋል፤ የልጅ ልጆቼን የማሳድገው በስልክ ነው።

ወደ ዓይናለም በሚወስደው በኩል፣ ከተማው ሊያልቅ ሲል፣ ትንሽ ግቢ አለችኝ። ያኔ ሁለት ተከራዮች ነበሩኝ። አንዱ መምህር ደረጀ ነው፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ የሚያስተምር። ሁለተኛዋ ለታይ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ የምትውል የሃያ አራት ዓመት ልጅ። የልጇ አባት ወርቅ ልፈልግ ብሎ ወደ ሽሬ በኩል ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል። ናሆምን በጥር ወለደችው። ወደ ሥራ ስትመለስ ጡቷ ነጠፈና ልጁ በጣሳ ወተት ማደግ ጀመረ። ቀን ቀን የምይዘው እኔ ነበርኩ። አከራይና ተከራይ መሆናችንን ረስተነው ነበር። “አደይ” ስትለኝ፣ እናቴ ስትለኝ፣ እንደ ወግ አልነበረም፤ ከልቧ ነበር።

ከግቢዬ ወረድ ብሎ፣ መንገዱ ታጥፎ በሚጎደጉድበት ቦታ፣ ከአንድ ትልቅ ዳዕሮ ሥር የሰፈሩ ጉድጓድ አለ። ዳዕሮ እኛ ወሎ ዋርካ የምንለው ዛፍ ነው። ጉድጓዱን ያስቆፈርነው ተዋጥተን ነው። በጦርነቱ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ቧንቧው ሲደርቅ ያኖረን እሱ ነው። ዱላዬን ይዤ አፉ ላይ እቀመጥና ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ጀሪካን አስቀዳ ነበር፤ ለሀብታሙም ሁለት፣ ለድሃውም ሁለት። አንድ የታጠቀ ልጅ ሦስተኛ ጀሪካን ይዞ ሲመጣ “ጠመንጃህም ውሃ ይጠማዋል?” ብዬ መልሼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ውስጥ አንድ ነገር ሲጓደል “አደይ የሺን ጥሯት” ማለት ተለመደ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። ለምን እዋሻለሁ?

ሰላሙ ሲመጣ አቶ ሐዱሽ የሚባል ነጋዴ ከበላያችን ጨው መፍጫ ከፈተ። ከበረሃ የሚመጣውን ጨው ይፈጫል፣ በከረጢት እያደረገ ይሸጣል። መኪኖቹ በእኛ መንገድ ነው የሚያልፉት። መንገዱ አፈር ነው። በበጋ አንድ መኪና ባለፈ ቁጥር ልብሱም፣ በርበሬውም፣ የሕፃኑ ቅንድብም ነጭ ይሆናል። በየካቲት ናሆምን ሳል ያዘው። ገና ሁለት ወር ያልሞላው ልጅ ሲስል አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ መላ አካሉ ነው የሚስለው።

በመጋቢት አቶ ሐዱሽ መላ አመጣ። ከመፍጫው ወለል የሚጠረገውን፣ አፈር ገብቶበት የማይሸጠውን ጨው በገልባጭ እያወጣ በሩ ፊት ካለው መንገድ ላይ አስደፋ። ውሃ አርከፈከፈበት። መኪኖቹ ሲመላለሱበት እንደ ሊሾ ጠነከረ። አቧራው ቀጥ አለ። ነገር ግን ያደረገው ከበሩ እስከ ሀብታሞቹ ፎቆች ድረስ ብቻ ነው። ከፎቆቹ ወደ ታች፣ የእኔን ግቢ ጨምሮ፣ ድሃው ያለበት፣ አቧራው እንደነበረ ቀረ።

ሄድኩበት።

“አቶ ሐዱሽ፣ አቧራ የሚያስላቸው ባለ ፎቆቹ ብቻ ናቸው?”

“አደይ የሺ፣ መጀመሪያ ከመይ ሓዲርክን ይባላል” አለኝ እየሳቀ።

“አዳሬን ልጁ ነው የሚነግርህ፤ ሲስል ነው ያደረው። ጨውህን እስከ ታች አስወርደው።”

ሳቁን ተወ። “ታች ቁልቁለት ነው። ጉድጓዱ አለ። ዝናብ ሲመጣ ጨው ይዞ ይወርድባችኋል፤ ይቅርባችሁ።”

“ጉድጓዱ ዛሬ ታወሰህ? መኪኖችህ አቧራ ሲያራግፉበት የት ነበርክ?”

“ዋእ! ለእናንተው ብዬ ነው።”

“ለእኛ ስትል እንኳ አንድ አካፋ አልወጣህም!”

በማግስቱ ሰባት ሴቶች ሰብስቤ፣ ናሆምን አዝዬ፣ በርጩማችንን ይዘን መንገዱ መሀል ተቀመጥን። መኪኖቹ ቆሙ። እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሣንም። በመጨረሻ አቶ ሐዱሽ ሁለት እጁን አነሣ። “ሕራይ፣ እሺ! ኋላ ግን አልነገርከንም እንዳትሉኝ።”

ይህን ቃል ያዙልኝ። ሰውየው አስጠንቅቆኛል። እኔ ግን ሀብታም ሰው እንቢ ሲል ምክንያቱን መስማት ትቼ ነበር። ምክንያቱ ሁሉ ሰበብ ይመስለኝ ነበር። እሱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። አንድ ገልባጭ ይበቃን ነበር፤ እሱ ወለሉ ስለጸዳለት ደስ ብሎት አራት ደፋ። የተረፈውንም ከጉድጓዱ በላይ፣ መታጠፊያው ላይ ቆልሎት ሄደ። ቁልሉን አየሁት። ድሌ ስለሆነ አላስነሣሁትም።

በዚያው ቀን መምህር ደረጀ ከሥራ ሲመለስ መንገዱን በጫማው ጫፍ ጫር ጫር አደረገና ከሴቶቹ ጋር ቡና ወደምጠጣበት ግቢ ገባ። 

“እትዬ የሺ፣ እኔ ሁለት ዓመት በተማርኩበት በረዶ አገር በብርዱ ወራት መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ፤ በረዶውን ያቀልጠዋል። ብርዱ ሲያልፍ ግን ዳር ላይ ያሉት ዛፎች ወደ መንገዱ ያለው ጎናቸው ብቻ ቡናማ ሆኖ ታያላችሁ። የመኪናው ሆድ በዝገት ይበላል። ጉድጓዳቸው ጨው የሆነባቸው ገበሬዎች ነበሩ። ጨው አይጠፋም፤ ቦታ ነው የሚቀይረው።”

“እዚህ በረዶ ታያለህ?”

“የለም…”

“እንግዲያው ካፖርትህን አውልቅ።”

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ፤ ትሑት ልጅ ነው። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ማወቅ የነበረብኝ ሴት ነበርኩ። ተሰማ ከበረሃ በተመለሰ ቁጥር ከመብላቱ በፊት መኪናውን ያጥብ ነበር፤ ካላጠበው ብረቱ እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፋል። የሚያጥብበት ጥግ ላይ ሣር በቅሎ አያውቅም። ሃያ ዓመት ያን ጥግ ሳይ ኖሬያለሁ።

ለጊዜው ግን ተባረክን። አቧራው ጠፋ፤ ናሆምንም ሳሉ ተወው። የሰፈሩ ሴቶች “አደይ የሺ ጨው አዘነበችልን” እያሉ ያሞካሹኝ ነበር። ፍየሎችና አህዮች መንገዱን ሊልሱ ይመጣሉ፤ መኪና ጥሩምባ ቢነፋም አይነሡም፤ አንዲት አህያ እየላሰች ተገጨች። በሚያዝያ ከመንገዱ ዳር ያለው ሣር ነጣ። በግንቦት የዳዕሮው ቅጠል ጠርዙ የተለበለበ መሰለ። “ድርቁ ነው” አልኩ። ማንም አልተከራከረኝም።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ትልቁ ዝናብ መጣ። በሩ ላይ ቆሜ ጎርፉን አየሁት። ወትሮ ቀይ ነበር፤ ያን ቀን እንደ አጓት ነጭ ነበር። ከመታጠፊያው ቁልል ላይ እያጠበ ይወርድና ጉድጓዱ ዙሪያ ይተኛል። አፉ በሲሚንቶ ከፍ ስላለ ከላይ አልገባበትም፤ ምድሩ ግን ጠጣው። ናሆም ክንዴ ላይ ሆኖ ጎርፉን እያየ ይስቅ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ውሃ ቀዳሁ። ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣልን፤ ያኔ ሦስት ሳምንት አልፎት ነበር። ከቧንቧው የቀረኝ አንድ ጀሪካን ውሃ ነበር፤ ክዳኑን ስትከፍቱት ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይሸታል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ “የቆየ ውሃ ለሕፃን አትስጡ፤ ንጹሑን አፍሉና ስጡ” ብላ አስተምራናለች። ስለዚህ አሮጌውን ውሃ ለአሮጊቷ፣ አዲሱን ለሕፃኑ አደረግሁት። ትክክለኛ ክፍፍል መሰለኝ። ከጉድጓዱ የቀዳሁትን በነጠላ አጠለልኩ፤ ለመጠንቀቅ ብዬ ሁለት ጊዜ አፈላሁት፤ ሊጋመስ እስኪቃረብ። ጨው በማፍላት እንደማይወጣ፣ ውሃው ባነሰ ቁጥር እንደሚከር፣ ወጥ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አላሰብኩትም።

ወተቱን በጠበጥኩ። የእጄ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጌ ሙቀቱን አየሁ። አልቀመስኩትም። የሐዋርያት ጾም ነበር፤ በጾም ወተት ምላሴን ነክቶት አያውቅም። ሌላ ጊዜ ቢሆን እጄን እልሰው ነበር። ያን ቀን በቀሚሴ ጠረግሁት።

ናሆም ጠጥቶ ጨረሰና እንደገና አፉን ከፈተ። ሌላ ሰጠሁት። እሱንም ጨረሰ። እስከ ቀትር ድረስ አምስት ጡጦ ጠጣ፤ በጠጣ ቁጥር የባሰ ያለቅሳል፣ ጡጦውን ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። “የጎበዝ አበላል ነው” እያልኩ ሳቅሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾሜን ልፈታ ሽሮ ሠራሁ፤ በጉድጓዱ ውሃ። ስቀምሰው ጨው በዝቶበታል። ጨው ሁለት ጊዜ የጨመርኩ መሰለኝ። “እርጅና መጣ” አልኩና የጀሪካኑን ውሃ ጠጣሁበት።

ማታ ለታይ መጣች። “አስቸገረዎት?”

“ምን ያስቸግራል? ጡጦውን ሊበላው ነው እንጂ!”

ከንፈሩን በጣቷ ነካችው። “ደርቋል።”

“ሙቀት ነው። ጨምሪለት” አልኩ። ጨመረችለት።

ቅዳሜ ጠዋት ልጁን አስቀመጠው። ዓይኑ ጎድጎድ ብሏል፤ ልቅሶው ቀጭን ሆኗል። ለታይ የፋብሪካ ልብሷን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። “አደይ፣ ልቅር?”

“ቀርተሽ ምን ልትፈይጂ? ተቅማጥ ነው። ኦአርኤስ እሰጠዋለሁ። ሂጂ፣ ሰርቪሱ ያመልጥሻል።”

ሄደች። ዞር ብላ ሁለት ጊዜ አይታዋለች፤ እሱን አስታውሳለሁ። እኔም ኦአርኤሱን፣ ራሱ ጨው ያለበትን ዱቄት፣ በዚያው በፈላ ውሃ በጠበጥኩና በማንኪያ ማጠጣት ያዝኩ። እየተስገበገበ ይውጠዋል። ሲውጥልኝ እጸልያለሁ።

ሦስት ሰዓት ላይ መምህር ደረጀ ሻይ አፍልቶ፣ ብርጭቆውን ይዞ በፈገግታ ከክፍሉ ወጣ።

“እትዬ የሺ፣ ወሎዬነትዎ ተነሣብዎት እንዴ? ቡና ላይ ጨው ሲጨምሩ ዝም አልኩ፤ የእኔን ሻይ ግን ይተዉልኝ!”

“የምን ጨው?”

“ሻዬ ጨው ጨው ይላል። ትላንት ማታ ከጉድጓዱ ቀድቼ…”

 ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። እኔ ማንኪያውን አየሁት። ከዚያ ጾም መሆኑን ረሳሁና ከጠዋት የተረፈውን ጡጦ አንሥቼ ጠባሁት። ወተት አልነበረም። የተሰማ ሸሚዝ ከበረሃ ሲመለስ የሚሸተው ሽታ አፌ ውስጥ ነበር።

ያኔ ናሆም ክንዴ ላይ ደረቀ። ዓይኑ ወደ ላይ ሄደ፤ ግራ እጁና ግራ እግሩ ይንዘፈዘፉ ጀመር።

መምህር ደረጀ ሮጦ ባጃጅ አመጣ። ያ እንደ ሊሾ የጠነከረው መንገድ ዝናብ ሲያርፍበት ሳሙና ሆኗል። ባጃጁ ሽቅብ ይወጣና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ሾፌሩ “አደይ፣ መንገዱ እንቢ አለ!” ይላል። መምህሩ ከኋላ ይገፋል፤ ጭቃው ደረቱ ድረስ። እኔ ልጁን ይዤ ወረድኩና ሽቅቡን በእግሬ ወጣሁት፤ ያስደፋሁትን ጨው እየረገጥኩ፣ እየወደቅሁ፣ እየተነሣሁ። አቶ ሐዱሽ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።  አልፌው ወጣሁ።

ሆስፒታል ውስጥ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። መርፌ ወጋችውና መንቀጥቀጡ ቆመ። ከዚያ ጠየቀችኝ።

“ምን ጠጣ?”

“ወተት።”

“በምን ውሃ?”

“በጉድጓድ። አፍልቼ ነው” አልኩ፣ የሚጠቅመኝ ይመስል።

“ከዚያስ?”

“ኦአርኤስ።”

“በዚያው ውሃ?”

ራሴን ነቀነቅሁ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ደሙ ላቦራቶሪ ሄዶ ሲመለስ ወረቀቱን ረዥም ጊዜ አየችው። “እናቴ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ጨው በጣም ብዙ ነው። አንጎሉ ደርቋል። አሁን ውሃውን ቶሎ ብንሰጠው ያብጥበትና እናጣዋለን። በጠብታ፣ ሁለት ቀን ያህል ቀስ ብለን ነው የምናወርደው።”

“ጠምቶታል እኮ!”

“አውቃለሁ።”

“ትንሽ እንኳ…”

“ትንሽም ቢሆን ያለ እኛ አይሰጡትም። ገብቶዎታል?”

እናንተ የምታነቡኝ፣ የተጠማ ሰው ሳያጠጡ ማየት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ ሰው ሁሉ እኩል እንዲጠጣ ዱላ ይዤ የቆምኩ ነኝ። እዚያ አልጋ ጎን ንጹሕ ውሃ በጠርሙስ ተቀምጦ፣ ልጁ ምላሱን እያወጣ ከንፈሩን ይልሳል፤ እኔ እጄን ከመቀመጫዬ ሥር አድርጌ እይዘዋለሁ።

ለታይ መምህር ደረጀ ደውሎላት እኩለ ቀን ላይ የፋብሪካ ልብሷን እንደለበሰች፣ ክር ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እየሮጠች ገባች። “ምን ሆነ?”

“ተቅማጥ ነው” አልኩ። “ውሃው ተበክሎ።”

ውሸት አልነበረም፤ ከውሸትም የከፋ ነበር። ያን ቀን ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ይዤ ነበር። እሷም እጄን ይዛ ነበር። “አደይ፣ እርስዎ ባይኖሩ ብቻዬን ምን እሆን ነበር?” ስትለኝ ዝም አልኩ።

እሑድ ጠዋት ጎረቤቶች መጡ። ወሬው ደርሷል፤ መምህር ደረጀ ከዩኒቨርሲቲው መለኪያ አምጥቶ ጉድጓዱን ለክቶ “ለሰውም ለከብትም አይሆንም” ብሏል። ሴቶቹ አቶ ሐዱሽን እየረገሙ፣ እኔን እያቀፉ አለቀሱ። “ሀብታም ምን አለበት? ጨዉን ደፍቶ ልጃችንን!” ይላሉ። ከእኔ ጋር መንገድ ላይ የተቀመጡት ራሳቸው ናቸው። ረስተውት አይመስለኝም፤ ማስታወስ ከብዷቸው ነው። ለእኔም መንገዱ ክፍት ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነበረብኝ።

ሲሄዱ ለታይን ወደ ግቢው አወጣኋት። የሆስፒታሉ አጥር ሥር ቆምን።

“ጨዉን ታች ድረስ ያስደፋሁት እኔ ነኝ።”

“አውቃለሁ፤ ለናሆም ሳል ብለው ነው።”

“አቶ ሐዱሽ ጉድጓዱ አለ ብሎኝ ነበር። መምህሩም ነግሮኛል። አልሰማሁም።”

 ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባት ፊቷ ላይ አየሁት።

“ወተቱን በዚያ ውሃ የበጠበጠው ማን ነው?”

“እኔ።”

“ኦአርኤሱንም?”

“እኔ።”

“ሳይቀምሱት?”

“ጾም ነበር፤ ለታይ።”

 ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ። “እርስዎስ? ሁለቱን ቀን ምን ሲጠጡ ነበር?”

“የጀሪካኑን።”

“የቧንቧውን?”

“የቧንቧውን።”

“ጥሩውን ለራስሽ።”

ከዚያ ቀን በፊት አንቺ ብላኝ አታውቅም። ለማስረዳት አፌን ከፈትኩ። የቆየ ውሃ ነው፣ ለእሱ አዲሱን ብዬ ነው፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ እንዲህ ብላ… ሁሉም እውነት ነበር። ግን ጉድጓድ አፍ ላይ ዱላ ይዤ በተቀመጥኩበት ዘመን አንድ ሰው መጥቶ እንዲህ ቢለኝ አላምነውም ነበር። አፌን ዘጋሁ። እሷ ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔ አጥሩ ሥር ቀረሁ።

ናሆም አልሞተም። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዓይኑን ከፈተ፤ ሐኪሟ በጡጦ ክዳን የመጀመሪያውን ውሃ ሰጠችው። እኔ በመስኮት ነው ያየሁት። ግራ ጎኑ ግን እንደ ቀኙ አልተመለሰም። ለታይ ከሆስፒታል ወጥታ ግቢዬ የተመለሰችው ዕቃዋን ልትወስድ ብቻ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ አካባቢ ቤት ተከራየች። ጡጦውን ግን ትታው ሄደች፤ ታጥቦ፣ መስኮቱ ላይ ተደፍቶ።

በሐምሌ ዳዕሮው ሥር ስብሰባ ተጠራ። አቶ ሐዱሽን መሀል አቆሙት። “ያስደፋችኝ እሷ ናት” ሲል ሰዉ ጮኸበት፤ “አሮጊት ላይ ልታላክክ ነው?” አለው። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ያን ጊዜ ተነሣሁ።

“እውነቱን ነው” አልኩ። “ይቅርባችሁ ብሎን ነበር። መንገድ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ጋር የተቀመጣችሁም አላችሁ፣ ስማችሁን አልጠራም። እሱ ደግሞ አንድ በቂ ሲሆን አራት ደፍቷል፤ ጉድጓዱ እንዳለ እያወቀም ከበላዩ ቆልሏል። ጥፋቱን እንካፈለው። ለአንድ ሰው አታሸክሙት።”

ማንም አላጨበጨበም። ግን ሥራ ተጀመረ። አቶ ሐዱሽ መኪናና ሠራተኛ ሰጠ፤ እኛም አካፋ ይዘን ወጣን፤ መንገዱን ክንድ ያህል ገፈፍነው። አንዳንዶች ገፈፉን ከታች ወንዙ ውስጥ እንድፋው አሉ። ከወንዙ በታችስ ገበሬ የለም? እንቢ አልኩ፤ ይህኛው እንቢታዬ ግን አስቀድሜ መምህር ደረጀን ጠይቄ ነው። ጨው ሊጭኑ ወደ በረሃ ባዶ የሚወርዱት መኪኖች ይዘውት ሄዱ። ከመጣበት ተመለሰ።

ሁሉም አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። መምህር ደረጀ ዝናብ ባለፈ ቁጥር ጉድጓዱን ይለካል፤ ጨዉ ቀንሷል ይላል፣ ግን ገና ነው። አፉን በቆርቆሮ ዘግተነዋል። ዳዕሮው ወደ መንገዱ ያለው ጎኑ ራቁቱን ቀርቷል፤ ሌላው ጎኑ ቅጠል አለው፤ ልክ እንደዚያ በረዶ አገር ዛፍ። በክረምት ጉድጓዱ ዙሪያ የሚንጫጩት እንቁራሪቶች አልተመለሱም። ዝምታቸውን ስሰማ እነቃለሁ።

የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ ለሕፃን የሚሰጥ ወተት በጾም ቀምሶ መትፋት ጾም ይሽራል ወይ? “ማን ይሽራል አለሽ?” አሉኝ። ማንም አላለኝም። ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አሁንም ሰልፍ ሲጣስ ዝም አልልም፤ እንዳትሳሳቱ። ነገር ግን እንቢ የሚለኝን ሰው ምክንያቱን አስጨርሰዋለሁ፤ ሀብታምም ቢሆን፣ ባልወደውም። እናንተም መንገዳችሁ ላይ፣ ደጃችሁ ላይ አንድ ነገር ስትደፉ፣ ሲዘንብ ወዴት እንደሚወርድ ቁልቁለቱን እስከ መጨረሻው በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ። እኔ ቤቴ ከጉድጓዱ መቶ እርምጃ ነበር፤ አልሄድኩም።

ባለፈው ጥቅምት በሬ ተንኳኳ። ለታይ ናት፤ የቀበሌ ወረቀት ልታወጣ መጥታ፣ የቀድሞ አከራይሽ ትመስክር ብለዋት። ናሆምን ይዛው ነበር። በቅርብ ነው መራመድ የጀመረው፤ ግራ እግሩን ይጎትታል፤ ግራ እጁ ተጨብጦ ደረቱ ላይ ነው። አላወቀኝም። ወረቀቱ ላይ ፈረምኩ። ልትሄድ ስትል ልጁ ቀሚሷን ይዞ “ማይ” አለ። ውሃ ማለቱ ነው።

ለታይ ወደ በሩ አየች፤ ፀሐዩ ከባድ ነው፤ መንገዱ ሩቅ ነው። እኔ ሳልጠየቅ ገባሁና ከቧንቧው በኩባያ ቀዳሁ። እንደ ልማዴ ቀመስኩት። አምጥቼ ዘረጋሁላት።

ተቀበለችኝ። ለልጁ አልሰጠችውም። ፊቴን እያየች ተጎነጨችና ውሃውን አፏ ውስጥ ያዘችው። እስክትውጠው ድረስ እኔም አልተነፈስኩም። ከዚያ ጎንበስ ብላ አጠጣችው። በቀኝ እጁ ኩባያውን ይዞ፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣው።

አልከፋኝም። እኔም እሷን ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር።

ባዶውን ኩባያ ዘረጋችልኝ። “ድገሚለት” አለችኝ።

ሄጄ ቀዳሁ፤ ቀመስኩ፤ ሰጠኋት። እሷም ቀመሰች።